ሰነዱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር ቁጥሩ ለምን ይዛባል?

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲቃረብ በነቀምቴ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ይበዛል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ የመጣ ተማሪ፣ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ የሚያስባዛ ጸሐፊ፣ የኪራይ ውል የሚያስጽፍ ባለጉዳይ ተራውን ይጠብቃል። ፋይሉ ሲከፈት ግን ቁጥሩ ተዛብቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እቤት 3.2 የነበረው ንዑስ ርዕስ እዚህ 1.2 ሆኗል። አራተኛው ምዕራፍ እንደገና «ምዕራፍ 1» ብሎ ጀምሯል። በአንቀጽ 12 ያለቀው ውል አንቀጽ 14 ደርሷል። አንዳንዴም በቁጥሩ ቦታ ጥቁር ሳጥን ብቻ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው የተዛባውን አጥፍቶ ትክክለኛውን ቁጥር በእጅ መጻፍ ነው። ይህ ለዕለቱ ያድናል። በማግስቱ አማካሪው «እዚህ ላይ አንድ ንዑስ ርዕስ ጨምር» ካለ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እንደገና በእጅ መታረም አለበት። በእጅ የተጻፈውና ፕሮግራሙ የሚሰጠው ራስ-ሰር ቁጥር በአንድ ሰነድ ውስጥ ሲቀላቀሉ ደግሞ የትኛው በየትኛው እንደሚመራ ለባለቤቱም ግልጽ አይሆንም።

ችግሩን ከሥሩ ለመፍታት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ራስ-ሰር ቁጥር በሰነዱ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሰነዱን በከፈተ ጊዜ ሁሉ አስልቶ የሚያወጣው ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በሙሉ ከዚህ አንድ እውነት ይነሣል።

ቁጥር ሲዛባ የሚጎዳው ማን ነው?

ቁጥር ለውበት የሚገባ ጌጥ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቦታ እንዲግባቡ የሚያደርግ ምልክት ነው። ለነቀምቴ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎሙት፣ አስቴር ገኖም የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦነሲሞስ ኋላ ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1931 ዐረፉ። ዛሬ በወለጋ አብዛኛው ምእመን የሚያነበው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የታተመ መጽሐፍ ነው። ፊደሉ ሌላ ነው፣ የገጹ አቀማመጥም ሌላ ነው። ሆኖም ሰባኪው ምዕራፍና ቁጥር ሲጠራ የአያትየው አሮጌ መጽሐፍም፣ የልጅ ልጁ አዲስ መጽሐፍም አንድ ቦታ ላይ ይገለጣሉ። ቁጥሩ ከፊደሉ በላይ ጸንቷል።

ሕግም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት። ዳኛውም ጠበቃውም የሚፈልጉትን ድንጋጌ የሚያገኙት በቁጥሩ ነው። አንድ የኪራይ ውል «በአንቀጽ 7.2 የተጠቀሰውን ቅጣት ይከፍላል» ብሎ ቢደነግግና በፍላሽ ተሻግሮ ሲታተም ቅጣቱ 8.2 ላይ ቢገኝ፣ ተዋዋዮቹ ሳያስተውሉ የፈረሙት ወረቀት ነገ የክርክር ምክንያት ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝም «ሠንጠረዥ 4.3ን ተመልከቱ» ተብሎ ሠንጠረዡን ካጣ ስለ ተማሪው ጥንቃቄ የሚይዘው ግምት ይቀንሳል።

ቁጥሩ የት ነው የተቀመጠው?

የክፍል ስም ዝርዝርን ያስቡ። ተማሪዎች በፊደል ተራ ሲመዘገቡ «18 ቁጥር» የሚባለው ተማሪ ቁጥሩን ይዞት የተወለደው አይደለም፤ ከእሱ በፊት 17 ስሞች ስላሉ ያገኘው ነው። ከእሱ በፊት አንድ አዲስ ተማሪ ቢገባ 19 ይሆናል። ራስ-ሰር ቁጥርም እንደዚሁ ከተራው የሚወጣ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ያለው የማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ «ዶክኤክስ» የሚል ቅጥያ ያለው፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ቢመስልም ውስጡ በአንድነት የታመቁ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ስብስብ ነው። አንዱ ጽሑፉን ይይዛል። ሌላው ስታይሎችን፣ ማለትም ርዕስ ምን እንደሚመስል፣ ተራው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ይይዛል። ሦስተኛው የቁጥር አሰጣጥ ደንቦችን ይይዛል። በጽሑፉ ውስጥ እያንዳንዱ አንቀጽ የሚሸከመው ሁለት መረጃ ብቻ ነው፦ «የየትኛው ዝርዝር አባል ነኝ» እና «በስንተኛው ደረጃ ላይ ነኝ» የሚሉትን። አንድ ዝርዝር እስከ 9 ደረጃ ሊኖረው ይችላል። «3.2.1» የሚለው ቁጥር ራሱ በአንቀጹ ላይ አልተጻፈም።

እንግዲህ ሰነድ ስንልክ የምንልከው ደንቡን ነው። የተቀባዩ ፕሮግራም ደንቡን በራሱ መንገድ አንብቦ ቁጥሩን አዲስ ያሰላል። ደንቡ ግልጽና አንድ ከሆነ ውጤቱ ይመሳሰላል፤ ደንቦቹ ብዙና የተጠላለፉ ከሆኑ ይለያያል።

አንድ ቁጥር ራስ-ሰር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቁጥሩ ላይ አንዴ ይጫኑ። ራስ-ሰር ከሆነ የዚያ ደረጃ ቁጥሮች በሙሉ ግራጫ ጥላ ይለብሳሉ፤ ጠቋሚውም በአኃዞቹ መካከል ሊገባ አይችልም። በእጅ የተጻፈ ከሆነ ጠቋሚው እንደ ማንኛውም ፊደል መካከሉ ይገባል።

በመንገድ ላይ የሚያበላሹት ነገሮች

የወለጋ ሰነድ ብዙ ይጓዛል። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከነቀምቴ ሌላ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች አሉት። ጊምቢ ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ነቀምቴ ራሷ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ተማሪ፣ አማካሪና አታሚ በተለያዩ ከተሞች ሆነው አንድን ፋይል በየተራ ይከፍታሉ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ፍላሽ በዚህ አካባቢ እስከ ዛሬ ለምን ከኪስ እንደማይወጣ ይገባዋል። በፍላሽም ሆነ በቴሌግራም የተጓዘ ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገባ አምስት ነገሮች ቁጥሩን ያዛቡታል።

አንደኛው የእትም ልዩነት ነው። በወርድ 2003 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ «ዶክ» ፋይል በአዲሱ ወርድ ሲከፈት በላይኛው ጠርዝ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሰነዱ በአሮጌው ደንብ እየተመራ ነው ማለት ነው። ከአሮጌ ወደ አዲስ፣ ከአዲስ ወደ አሮጌ እየተመላለሰ በተቀመጠ ቁጥር የቁጥር ደንቦቹ ይደራረባሉ።

ሁለተኛው የፕሮግራም ልዩነት ነው። ዳብሊውፒኤስ፣ ሊብሬ ኦፊስና ጉግል ዶክስ የወርድን ፋይል ይከፍታሉ፤ ባለ ብዙ ደረጃ ቁጥርን የሚይዙበት መንገድ ግን ከወርድ ጋር በሁሉም ነገር አንድ አይደለም። በተለይ በስልክ ላይ ያሉት እትሞች የስታይልና የቁጥር መሣሪያቸው የተወሰነ ነው። ሰነዱን በስልክ ማንበብ ጉዳት የለውም፤ በስልክ አርሞ ማስቀመጥ ግን ደንቡን ሊነካው ይችላል።

ሦስተኛው ኮፒና ፔስት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ዋናው ጠላት ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ከፕሮፖዛሉ ይመጣሉ፤ አራተኛውና አምስተኛው ከወራት በኋላ በሌላ ፋይል ይጻፋሉ። ሲቀላቀሉ እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱን የቁጥር ደንብ ይዞ ይገባል። ለዓይን አንድ ዝርዝር የሚመስለው ከውስጥ አምስት የተለያየ ዝርዝር ነው።

አራተኛው የስታይል ማዘመኛ ነው። ወርድ ውስጥ በ«ዲቨሎፐር» ትር ስር በሚገኘው «ዶኩመንት ቴምፕሌት» መስኮት «ኦቶማቲካሊ አፕዴት ዶኩመንት ስታይልስ» የሚል ምርጫ አለ። ይህ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ሰነዱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የራሱን ስታይል ትቶ የዚያን ኮምፒውተር ስታይል ይለብሳል። ምልክቱን ማንሣት ይገባል።

አምስተኛው ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጾችን ይተኩ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየቢሮው አሉ። ራስ-ሰሩ ዝርዝር የላቲን «ኤ» ወይም «ቢ» ሊያወጣ ሲል ፎንቱ ሌላ የግዕዝ ቅርጽ ይሥልበታል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ደግሞ ዋናው ጽሑፍ ራሱ ወደማይነበብ የላቲን ፊደል ይለወጣል።

ከመንካትዎ በፊት

ፋይሉን በሌላ ስም ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጥገናውን በኮፒው ላይ ይሥሩ። ቀጥሎ ሰነዱ መጀመሪያ ከተሠራበት ኮምፒውተር ፒዲኤፍ ማግኘት ከቻሉ ያስመጡ፤ ትክክለኛው ቁጥር ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚነግርዎ እሱ ነው። ፒዲኤፉ ከሌለ የድሮ ህትመት ወይም ማውጫውም ይረዳል። ማውጫው እስኪታደስ ድረስ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ከማደስዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

ሰነዱ በኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ላይ ከሆነ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ኮንቨርት» የሚለውን ተጭነው ወደ አዲሱ ዓይነት ይለውጡት። በመጨረሻም «ሆም» ትር ላይ ያለውን የአንቀጽ ምልክት ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ የተደበቀው ምልክት ይታያል። ይህ ምልክት ብዙ ነገር ይሸከማል፤ የቁጥሩ ፎንት፣ መጠንና ውፍረት በአብዛኛው ከእሱ ይመጣል።

ለአጭር ሰነድ ፈጣን ጥገና

ባለ ሁለትና ሦስት ገጽ ደብዳቤ ወይም ውል ከሆነ ሙሉ ግንባታ አያስፈልገውም።

ዝርዝሩ በመሃል ከ1 ከጀመረ ቁጥሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ኮንቲኒው ነምበሪንግ» ይበሉ፤ ካለፈው ይቀጥላል። እንደገና እንዲጀምር ከፈለጉ «ሪስታርት አት 1» አለ። በተወሰነ ቁጥር እንዲጀምር ከሆነ «ሴት ነምበሪንግ ቫልዩ» ብለው ቁጥሩን ይሙሉ።

ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ከመጣ፣ ለምሳሌ «1. 1.» ከሆነ፣ አንዱ በእጅ የተጻፈ፣ ሌላው ራስ-ሰር ነው። ይህ የሚመጣው ጽሑፉ «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» በሚለው መንገድ ፔስት ሲደረግ ራስ-ሰሩ ቁጥር ወደ ተራ ጽሑፍ ስለሚለወጥ ነው። በእጅ የተጻፈውን ያጥፉ።

ቁጥሩ በተሳሳተ ፎንት ከወጣ የአንቀጹን መጨረሻ ምልክት ብቻ መርጠው ፎንቱን ይቀይሩ። ቁጥሩ ይከተላል።

በርዕስ ቁጥር ቦታ ጥቁር ሳጥን ከመጣ ጠቋሚውን ከሳጥኑ ቀጥሎ በቀኝ ያስቀምጡ። ሳጥኑ ግራጫ እስኪሆን የግራ ቀስትን ይጫኑ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን በአንድነት ይጫኑ፤ በሚመጣው ትንሽ መስኮት «ሪአፕላይ» ይበሉ። ቁጥሩ ይመለሳል።

ሳይፈልጉት ወርድ ራሱ ቁጥር ከጀመረ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ ይጫኑ። ለዘለቄታው ማጥፋት ከፈለጉ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፕሩፊንግ»፣ ከዚያ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ገብተው፣ «ኦቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» ከሚለው ገጽ «ኦቶማቲክ ነምበርድ ሊስትስ» ላይ ያለውን ምልክት ያንሡ።

ለረጅም ሰነድ ዘላቂው መፍትሔ

የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጥናት ሪፖርት፣ መተዳደሪያ ደንብ የመሰሉ ሰነዶች አስተማማኝ የሚሆኑት ቁጥሩ ከስታይል ጋር ሲታሰር ነው። «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2»፣ «ሄዲንግ 3» የሚባሉት ስታይሎች በሁሉም የወርድ እትሞች አሉ፤ ሌሎቹም ፕሮግራሞች ያውቋቸዋል። ቁጥሩ በእነሱ ላይ ከታሰረ አንድ ደንብ ብቻ ይኖራል፤ ሰነዱ የትም ቢሄድ የሚሰላው በዚያ ደንብ ነው። አሠራሩ ይህ ነው።

1. የምዕራፍ ርዕሶችን በሙሉ «ሄዲንግ 1»፣ ንዑስ ርዕሶችን «ሄዲንግ 2»፣ ከእነሱ በታች ያሉትን «ሄዲንግ 3» ያድርጉ። በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን በዚሁ አጋጣሚ ያጥፉ።

2. ጠቋሚውን በመጀመሪያው የምዕራፍ ርዕስ ላይ ያስቀምጡ። «ሆም» ትር ላይ «መልቲሌቭል ሊስት» የሚለውን ከፍተው «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» ይምረጡ፤ በሚመጣው መስኮት «ሞር» የሚለውን ይጫኑ።

3. በግራ በኩል ደረጃ 1ን መርጠው «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» በሚለው ቦታ «ሄዲንግ 1» ይስጡት። ደረጃ 2ን ከ«ሄዲንግ 2»፣ ደረጃ 3ን ከ«ሄዲንግ 3» ጋር ያገናኙ።

4. ከቁጥሩ በፊት «ምዕራፍ» የሚል ቃል ከፈለጉ የቁጥሩ ቅርጽ በሚታይበት ሳጥን ውስጥ ከግራጫው ቁጥር በፊት ይጻፉት። ግራጫውን ቁጥር ግን አጥፍተው በእጅ አይተኩ፤ ያ ከሆነ ሁሉም ምዕራፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛል።

5. ደረጃ 2 የምዕራፉን ቁጥር እንዲጨምር፣ ማለትም 1.1፣ 1.2 እንዲሆን «ኢንክሉድ ሌቭል ነምበር ፍሮም» በሚለው ደረጃ 1ን ያስገቡ። በየምዕራፉ ከ1 እንዲጀምር «ሪስታርት ሊስት አፍተር» ደረጃ 1 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደ አንድ ችግር እዚህ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፉን «ቻፕተር ዋን» ብሎ በቃል ይጠራል፤ ንዑስ ርዕሱ ግን 1.1 መሆን አለበት። ደረጃ 1 በቃል እንዲቆጥር ሲደረግ ደረጃ 2ም «ዋን.1» ሆኖ ይወጣል። ተማሪው ይህን ሲያይ ራስ-ሰሩን ትቶ ሁሉንም በእጅ ይጽፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚያው መስኮት ደረጃ 2ን መርጠው «ሊጋል ስታይል ነምበሪንግ» በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ምዕራፉ በቃል፣ ንዑስ ርዕሱ በአኃዝ ይሆናል። ለደረጃ 3ም እንዲሁ ያድርጉ።

በኋላ መቀየር ቢፈልጉ በሌላ ቦታ አዲስ ዝርዝር አይፍጠሩ። ሁልጊዜ ጠቋሚውን በመጀመሪያው የምዕራፍ ርዕስ ላይ አስቀምጠው ያንኑ መስኮት ይክፈቱ። በሊብሬ ኦፊስ የሚሠራ ሰው ተመሳሳዩን ቦታ «ቱልስ» ውስጥ «ሄዲንግ ነምበሪንግ» በሚለው ስር ያገኘዋል፤ በቀድሞዎቹ እትሞች «ቻፕተር ነምበሪንግ» ይባላል።

ቁጥሮቹ ሲስተካከሉ ማውጫውና በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ጥቆማዎች በራሳቸው አይታደሱም። ኮንትሮልና ኤ ተጭነው ሙሉውን ይምረጡ፤ ከዚያ ኤፍ9 ይጫኑ። ማውጫው ሲጠይቅዎ «አፕዴት ኢንታየር ቴብል» ይበሉ። ይህ የሚሠራው ጥቆማዎቹ «ክሮስ ሬፈረንስ» በሚለው መሣሪያ ከገቡ ነው። «በክፍል 3.2 እንደተገለጸው» ብለው በእጅ የጻፉት በእጅ ካልታረመ በቀር እንደነበረ ይቆያል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይፈትሹት።

ሀ፣ ለ፣ ሐ እና ፩፣ ፪፣ ፫

በወለጋ ከተሞች አንድ ሰነድ በሦስት ቋንቋ የሚዘጋጅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚሄደው በአማርኛ ይጻፋል፤ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። የክልሉ ሕግ ጋዜጣ መገለታ ኦሮሚያ ራሱ አዋጆችን በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል።

እንዲህ ባለው ሰነድ ላይ ልብ የማይባል ልዩነት አለ። ቁቤም እንግሊዝኛም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ፊደል ተራ ዝርዝራቸውን ወርድ ራሱ ይቆጥረዋል። የአማርኛውን ሀ፣ ለ፣ ሐ ግን ወርድ በቁጥር ዓይነቶቹ ውስጥ አላካተተውም፤ የግዕዝ አኃዝም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ የአማርኛው ዓምድ ሁልጊዜ በእጅ ይጻፋል። ሰነዱ ተሻግሮ ደንቡ ሲዛባ ኦሮምኛውና እንግሊዝኛው ቁጥራቸው ይንሸራተታል፤ አማርኛው በቦታው ይቆማል። ከላይ አንድ አንቀጽ ሲጨመር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሁለቱ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ አማርኛው ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ሦስቱ ቋንቋዎች ስለ አንድ አንቀጽ የተለያየ ቁጥር ይናገራሉ።

ለባለ ሦስት ቋንቋ ሰነድ የሚበጀው ሁለት ነገር ነው። ረቂቁ እየተሻሻለ ሳለ ሦስቱም ቋንቋዎች በተራ አኃዝ በራስ-ሰር ይቆጠሩ። ይዘቱ ከጸደቀ በኋላ አማርኛው ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም ወደ ግዕዝ አኃዝ በእጅ ይለወጥ፤ ከዚያ በኋላ አንቀጽ መጨመርም መቀነስም አይፈቀድ። በእጅ የሚጻፈው ዝርዝር ከፊደሉ ቀጥሎ በስፔስ ፈንታ በታብ ይለይ፤ ፎንቱም ዩኒኮድ፣ ለምሳሌ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ፣ ይሁን።

ምዕራፎችን ሲያገናኙ

ከተለያዩ ፋይሎች የመጡ ምዕራፎችን የሚያዋህድ ሰው ከአንዱ ላይ ሌላውን ዝም ብሎ መለጠፍ የለበትም። መጀመሪያ ከላይ በተገለጸው መንገድ ቁጥሩ ከስታይል ጋር የታሰረበት አንድ ባዶ ሰነድ ያዘጋጁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ፋይል ውስጥ ርዕሶቹ «ሄዲንግ 1» እና «ሄዲንግ 2» መሆናቸውን ያረጋግጡ። ምዕራፉን ኮፒ ሲያደርጉ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ያለውን የመጨረሻ የአንቀጽ ምልክት ሳይጨምሩ ይምረጡ፤ ያ ምልክት የአሮጌውን ፋይል ቅርጽ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ፔስት ሲያደርጉ «ዩዝ ዴስቲኔሽን ስታይልስ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ» ከመረጡ የአሮጌው ፋይል ደንብ አብሮ ይገባል።

በምንም መንገድ አልስተካከል ያለ ሰነድም መፍትሔው ይኸው ነው። ከመጨረሻው የአንቀጽ ምልክት በስተቀር ያለውን በሙሉ ወደ አዲስና ንጹሕ ሰነድ ያሸጋግሩ፤ ስታይሉን እንደገና ይስጡ። ለ80 ገጽ ጽሑፍ የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያቀላል።

ሲልኩና ሲያሳትሙ

እንዲታረም የሚላክ ሰነድ በወርድ ይላክ፤ ከጎኑ ግን ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይኑር። ተቀባዩ ቁጥሩ መዛባቱን የሚያውቀው ሁለቱን ሲያስተያይ ነው። ለህትመት፣ ለፊርማ ወይም ለፍርድ ቤት የሚሄድ ሰነድ ደግሞ በፒዲኤፍ ብቻ ይሂድ፤ በፒዲኤፍ ውስጥ ቁጥሩ ከእንግዲህ አይሰላም፣ እንደወጣ ይጸናል። ጽሕፈት ቤት ለማሳተም ሲሄዱ በፍላሽዎ ላይ ፒዲኤፉ ካለ የኮምፒውተሩ እትም ምንም ቢሆን ወረቀቱ እቤት እንዳዩት ይወጣል።

የወርድ ፋይሉን በግዕዝ ፎንት ከጻፉ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ስር «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለውን ያብሩ፤ ፎንቱ የሚፈቅድ ከሆነ ከሰነዱ ጋር ይጓዛል። ብዙ ሰዎች በሚነኩት ሰነድ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የዋናው ፋይል ጠባቂ ይሁን፤ ሌሎቹ አስተያየታቸውን በ«ኮመንት» ያስፍሩ፣ ቁጥሩን ግን አይንኩ።

ለትምህርት ክፍሎች፣ ለጽሕፈት ቤቶችና ለተማሪዎች

ይህ ችግር ከተማሪውና ከጸሐፊዋ ትከሻ ላይ ሊወርድ ይችላል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ቁጥሩ ከስታይል ጋር የታሰረ፣ የምዕራፉና የማውጫው ቅርጽ የተዘጋጀ አንድ ዝግጁ ፋይል ሠርቶ ተማሪው ፕሮፖዛል ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ አብዛኛው ብልሽት አይፈጠርም። እንዲህ ያለውን ፋይል አንድ የሚያውቅ መምህር በአንድ ከሰዓት ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጽሕፈት ቤቶችም ለውል፣ ለመተዳደሪያ ደንብና ለሪፖርት የየራሳቸውን ዝግጁ ፋይል ቢይዙ በየቀኑ ቁጥር ከማረም ያርፋሉ። ተማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ርዕስ ዛሬ ሲጽፉ «ሄዲንግ 1» ይስጡት፤ የህትመት ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ።